በቃልቤሳ ቦታ

ኤፕሪል 3፣ 2006

ኮች ዴንተን ዛሬ ለእያንዳንዳችን ደብተር ሰጠን። «ከልምምድ በኋላ ምን እንደሠራችሁ፣ ምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ። እኔ አላነበውም» አለ። ያነበዋል ብዬ በአማርኛ ጀመርኩ። ቤትም ቢሆን እህቴ ምሥጋና እዚህ ስለተወለደች ፊደል አትለይም፤ እማዬ ደግሞ የሰው ወረቀት አትነካም።

ደብተር ሲጀመር ስም ይጻፋል። አክሊል በሪሁን። ሃያ ዓመት። አማካይ። ሴንት ፖል።

ውጪው ገና በረዶ ስለሆነ የምንለማመደው ብሉሚንግተን በአየር የተነፋ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ዶም ይሉታል። ሃያ ሁለት ነን። ሃያዎቹ ኮንትራት አላቸው፤ የሌለን እኔና ቃልቤሳ ብቻ ነን። ኮች ሳይደብቅ ነግሮናል፦ ለአማካይ የቀረችው አንድ ቦታ ናት፤ በወሩ መጨረሻ አንዳችንን ይይዛል፣ አንዳችንን ያሰናብታል።

ሊጉ ትልቁ ሊግ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ነው። ቢሆንም ኳስ መጫወት ሥራዬ ነው ብሎ መናገር የሚቻልበት ሊግ ነው።

ቃልቤሳ ጓደኛዬ ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ አብረን ነን፤ ሐበሻ በበጋ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ እኔ ስምንት ቁጥር፣ እሱ አስር ቁጥር ነበርን። መኪና ያለው እሱ ስለሆነ ወደ ልምምድ ራይድ የሚሰጠኝም እሱ ነው። ጠዋት ልምምድ፣ ከዚያ ኤርፖርት ሄዶ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ይገፋል። አይደክመውም።

ኤፕሪል 11

ዛሬ ጥሩ ነበርኩ። አሥራ አምስት ኳስ ያህል ነጠቅኩ። ቃልቤሳ ሁለት ብቻ። እሱ ግን የሰጣቸው ኳሶች...

ውኃ ልጠጣ ስሄድ ኮች ለምክትሉ ሲናገር ሰማሁ። «ረጅሙ ልጅ ሜዳውን ያያል። አጭሩ ይሮጣል።»

አጭሩ እኔ ነኝ።

ኤፕሪል 20

መኪና ውስጥ ቃልቤሳ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና «እኔን ከያዘኝ ለኮች እነግረዋለሁ» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«አክሊልን በሚቀጥለው ዓመት ጥራው እለዋለሁ። አብሬው ስጫወት ነው ጥሩ የምሆነው እለዋለሁ።»

ከልቡ ነው። እሱ የሚናገረው ሁሉ ከልቡ ነው። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን በመስኮቱ ወደ ውጪ አየሁ። ቦታዋ ተሰጥታው ያለቀች ይመስል ለእኔ ስለ መለመን ያስባል። ክፉ አላሰበም። ክፉ አስቦ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ኤፕሪል 22

በረዶው ስለቀለጠ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጪ ተለማመድን። ሳሩ እርጥብ ነበር።

ቃልቤሳ ተጎዳ። ጉልበቱ ነው። ኳሷ መሃላችን ነበረች፤ ሁለታችንም ሄድንባት።

ኤፕሪል 23፣ እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። እማዬን አሞኛል አልኳት።

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ኳሷ መሃላችን ነበረች። እኔ ሸርተቴ ወረድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በልምምድ ላይ በየቀኑ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ግብ ጠባቂው እኔን መትቶኝ ለሁለት ቀን አንክሻለሁ። እርጥብ ሳር ላይ አንዴ ከወረድክ መቆም የለም። ሁሉም ያየው ነው። ማንም ምንም አላለኝም።

ድምፁን ብቻ ነው መርሳት ያልቻልኩት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር አይመስልም። እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል።

ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። እናቱ እትዬ ኢብሲቱ ዉድበሪ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ደረታቸው ላይ ባጃቸው እንደተንጠለጠለ መጡ። ሐኪሙ እስኪወጣ ኮሪደር ላይ አብረን ቆምን። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ኢልማ ኮ፣ አትፍራ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ልጃቸው ውስጥ ተኝቶ እኔን ያጽናናሉ።

ኤፕሪል 26

ኤምአርአይ ተነሣ። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሷል። ኦፕሬሽን፣ ከዚያ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት። የበፊቱን ዓይነት ላይሆን ይችላልም ብለውታል።

ከቀትር በኋላ ኮች ደወለ። «ኤኪ፣ ዓርብ ና፣ ትፈርማለህ።» አክሊል ማለት ያቅተዋል። ስለ ቃልቤሳ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኤፕሪል 28

ፈረምኩ። እማዬ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ ነው የመጣችው፤ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ እልል አለች። ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ በሩን አንኳኳ። ምሥጋና «አር ዩ ፌመስ ናው?» ትለኛለች።

ማሊያ ሰጡኝ። ለቃልቤሳ ታስቦ እንደነበረ የሚናገር ምንም ነገር የለበትም። ማሊያ ማሊያ ነው።

ሜይ 7

ቸርች ላይ ወደ መድረክ ጠሩኝ። ምስክርነት ስጥ አሉኝ። ማይኩን ያዝኩ። «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ እንግዳ የሚባሉት የቸርቹ ሽማግሌ «እሱ የከፈተውን ማን ይዘጋል!» ብለው ጮኹ።

በር ከፈተልኝ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ልመልሰው ብል እንኳን ተቀርጿል፤ በካሴት ይሸጡታል።

ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሴቶች መኪና ተደግፈው ሲያወሩ አለፍኩ። አንዷ «ያ የኦሮሞ ቸርቹ ልጅ አይደል የተጎዳው? አብረው አልነበሩ?» አለች። ሌላዋ ክንዷን ነካ አደረገቻት፤ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለቱም ፈገግ ብለው «እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ።

ሜይ 13

የመጀመሪያ ጨዋታዬ። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሬ ገባሁ። አሸነፍን። ሁለት ሺህ ሰው ይሆናል። ስገባ የነበረኝ ደስታ ስወጣ የት እንደሄደ አላውቅም።

ሜይ 21

ቃልቤሳ ኦፕሬሽን ከተደረገ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አልሄድኩም። መጀመሪያ ሰው ይበዛበታል አልኩ። ከዚያ ከሜዳ ውጪ ጨዋታ ነበረን። ከዚያ ደግሞ ባዶ እጄን አልሄድም አልኩ። ዛሬ ምክንያት አጣሁ፤ አሁንም አልሄድኩም።

ስልኬ ላይ መልእክት ትቶልኛል። «አኬ፣ ጨዋታህን ኢንተርኔት ላይ አየሁት። ግራ በኩል ስትሄድ መሃሉን ባዶ ትተዋለህ። ተጠንቀቅ። ደውልልኝ እንጂ ባክህ፣ እዚህ ተኝቼ ኮርኒስ እያየሁ ነው።»

አምስት ጊዜ ሰማሁት። መሃሉን ባዶ እተዋለሁ፣ እውነት ነው።

ጁን 3

ቋሚ ሆኜ ተሰለፍኩ። ከምጽፈው ባልጽፈው ይሻላል።

ጁን 4

እሺ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ የእነሱ አማካይ ኳሷን አርቆ ነካት። የኔ ኳስ ነበረች። አንድ እርምጃ ቀርቶኝ እግሬ ቆመ። ሰውየው አለፈኝ፣ ጎል ሆነ። ከእረፍት በኋላም እንዲሁ። ኮች ከመስመሩ «ሂድበት! ሂድበት!» እያለ ይጮሃል፤ ስድሳኛው ላይ አስወጣኝ።

ቁርጭምጭሚቴን ያመኛል አልኩት። የቡድኑ ወጌሻ ነካክቶ ምንም የለውም አለ። ያመኛል ግን።

ጁን 10

ከልምምድ ስመለስ እትዬ ኢብሲቱ ቤታችን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከእማዬ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ልወጣ ስል እማዬ «ሰላም አትልም እንዴ!» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። «አንተ ልጅ ጠፋህ» አሉኝ።

«ልምምድ በዝቶብኝ ነው እትዬ።»

«አውቃለሁ። ቃልቤሳም እንዲህ ነው የሚለኝ። ሥራ በዝቶበት ነው ይላል።» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሥራውን አጣ፣ ሰማህ? ቆሞ ዊልቸር መግፋት አልቻለም፣ ሌላ ሰው ቀጠሩበት። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ነው። ባለፈው መገርሳ መጣ፣ የአጎቱ ልጅ። ስለ አንተ መጥፎ ተናገረ። ሆን ብሎ ነው አለ። ቃልቤሳ ክራንቹን ይዞ ተነሣበት! ከቤቴ ውጣ አለው። እስካሁን አይነጋገሩም።»

እማዬ «ወይ ጉድ! ሰው ምላሱን ምን ያደርገዋል!» አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

እኔ ሻይ ልቅዳ ብዬ ወደ ኪችን ገባሁ። ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ።

ጁን 18

ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ቆየሁ።

የዓለም ዋንጫ እያየ ነበር። ቀኝ እግሩ ትራስ ላይ ተዘርግቷል። ጭኑ ቀጥኗል፤ ከግራው ግማሽ የቀረ ይመስላል። ዓይኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ ቴሌቪዥኑን ብቻ አየሁ። እሱ ያወራል፣ ይስቃል። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ሴት እንዴት እንደምትቆጣው በእንግሊዝኛ እያስመሰለ አሳየኝ።

ከዚያ ራሴ ጀመርኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ። «ያን ቀን ኳሷ መሃላችን ስለነበረች...» አልኩ።

«አኬ፣ ተወው።»

«አይ፣ ማለቴ ሁለታችንም...»

«እኔ እንኳን አቀብዬ ዞሬ ነበር መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ፊቴ ወደ ወዲያ ነበር። አንተ ደግሞ ወርደሃል፤ እርጥብ ነው፤ መቆም አትችልም። ምን ታደርግ?»

ምን ታደርግ። አዎ። መቆም አይቻልም።

ኮች ጠርቶኛል ብዬ ወጣሁ። እሑድ ቀን ማን ይጠራኛል?

ጁን 25

ተጠባባቂ ወንበር። አልገባሁም።

ምሥጋና እራት ላይ «ሂ ኔቨር ቶክስ ኤኒሞር» ብላ ዝም ማለቴን ለእማዬ ነገረችብኝ። እማዬ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት ፈለገች።

ጁላይ 1

ኮች ከልምምድ በኋላ «መኪና ውስጥ ግባ፣ እኔ አደርስሃለሁ» አለኝ። አባረረኝ ብዬ ነበር። መጀመሪያ አፕል ቫሊ ያለው አፓርታማው ጋ ቆምን፣ የሆነ ቪዲዮ ሊሰጠኝ። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለው። አንድ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። እዚህ አገር ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሃይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ተናገረ።

«እግርህ እንዳልታመመ አውቃለሁ። እኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ እነግርሃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰሜን እንግሊዝ፣ አራተኛ ዲቪዥን ያለ ክለብ። ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ተጠባባቂ ነበርኩ። በእኔ ቦታ የሚጫወተው ኮሊን የሚባል ልጅ ነበር፤ ከእኔ በጣም የተሻለ። ዓርብ ልምምድ ላይ ወረድኩበት። ቅዳሜ በእሱ ቦታ ገባሁ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ተጫወትኩ። ከአራት መቶ በላይ ጨዋታ።»

የሰጠኝን ቪዲዮ አገላበጥኩ።

«መጀመሪያ እግር ይይዛል። አንተንም የያዘህ ይኸው ነው። ያልፋል። ትለምደዋለህ።»

«እኔ እኮ ኳሷን ነው የሄድኩባት» አልኩ።

ሳቀ። በክፋት አይደለም። «ኤኪ፣ አሥር ሜትር ላይ ቆሜ ነበር። ከሁለታችሁ አንዱን ለመምረጥ ተቸግሬ ነበር፣ አየህ። እሱ ይበልጥሃል። ያን ቀን ግን ቦታዋን ምን ያህል እንደምትፈልጋት አየሁ። የፈረምኩህ ለዚያ ነው።»

የሃይዌዩን ሁለት መውጫ አለፍን።

«ልጁስ?» አልኩት።

«ማን?»

«ኮሊን። ምን ሆነ?»

«አባቱ ሱቅ ነበረው። እዚያ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። ሱቁ ወደ ሜዳው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር።» መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገ። «ዙሪያውን ነበር የምሄደው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ሄድኩ።»

ቤቴ በር ላይ ሲያወርደኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ቅዳሜ እንድትሄድበት እፈልጋለሁ» አለኝ። ጥሩ ነገር ያደረገልኝ መስሎታል።

ጁላይ 2

ያ አንድ ወንበር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ጁላይ 8

ቅዳሜ ነው። አስገባኝ። አልሄድኩበትም።

ጁላይ 9

እማዬና ምሥጋና ቸርች ናቸው። ቤቱ ባዶ ነው። እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ አላነበውም።

ኤፕሪል 22 ጠዋት፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ኮች ቃልቤሳን ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው። ቃልቤሳ ሲመለስ ፊቱን አየሁ። ደስታውን ሊደብቅልኝ እየሞከረ ነበር፤ ለእኔ ሲል። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። የኔ ነገር አለቀ። እማዬ ምን ትላለች፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ለምን እነሣለሁ፣ ሆቴል ልገባ ነው ከእሷ ጋር አንሶላ ልቀይር ነው አልኩ።

ኳሷ መሃላችን አልነበረችም። አቀብሏት፣ ዞሮ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ነበር። አየሁ። ኳሷ እንደሄደች አየሁ፣ ጀርባው ወደ እኔ እንደሆነ አየሁ፣ ክብደቱ ሁሉ በቀኝ እግሩ ላይ እንዳረፈ አየሁ። ለመቆም ጊዜ ነበረኝ። ሳሩ ምንም አላደረገኝም። እኔ ነኝ የወረድኩት።

ጅማቱ ይበጠሳል አላልኩም። ለሁለት ሳምንት ብቻ እንዲቀመጥ ነበር የፈለግኩት። ይህንንም ሰበብ አድርጌ እየጻፍኩት እንደሆነ ገብቶኛል።

ጁላይ 16

ነገርኩት።

እትዬ ኢብሲቱ በሩን ከፈቱልኝና ሥራ ሊገቡ ስለሆነ ወደ መኝታ ቤት ሊለብሱ ገቡ። ቃልቤሳ ያለ ክራንች፣ ግድግዳ ይዞ ሲራመድ አገኘሁት። «እየው፣ እየው!» አለኝ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። አራት እርምጃ። እስኪቀመጥ ጠበቅኩ። ስቀመጥ ጉልበቴ ጉልበቱን እንዳይነካ ራቅ አልኩ።

«ኳሷን አልሄድኩባትም» አልኩት። «አቀብለህ ዞረህ ነበር። አይቻለሁ። እያየሁ ነው የወረድኩብህ።»

ብዙ የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

አልጮኸም። እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አሳርፎ ቆየ። የእናቱ ቁም ሣጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል።

«መገርሳን ከቤት አስወጣሁት» አለ። «በአንተ ምክንያት።»

«አውቃለሁ።»

«የአጎቴን ልጅ።»

«አውቃለሁ ቃልቤሳ።»

«አሁን ለምን ነገርከኝ? ቀለለህ?»

አልቀለለኝም። እንዲህ ብዬ ልመልስለት ስል ዝም በል በሚል ሁኔታ እጁን አነሣ። ኳስ ማቆም እንዳሰብኩ፣ ለኮች እንደምነግረው ጀመርኩለት። ያኔ ብቻ ነው የተቆጣው።

«ታቆማለህ? ጉልበቴን ወስደህ ታቆማለህ? አይ! ትጫወታለህ። በየሳምንቱ ታኬታህን ባሰርክ ቁጥር ታስበኛለህ። እዚህ ቤት ግን ከዛሬ በኋላ እንዳትመጣ። እንዳትደውልልኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእማዬ ደግሞ እንዳትነግራት። ማታ ማታ ስትጸልይ ከእኔ ስም ቀጥሎ የአንተን ስም ነው የምትጠራው። በእኔ የደረሰው በእሱ እንዳይደርስ ትላለች። ያንን አትንካባት።»

ተነሣሁ። እትዬ ኢብሲቱ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። «ሳትበላ ልትሄድ ነው?» አሉኝ። ቃልቤሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። በር ላይ አስቆሙኝና፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በኦሮምኛ ጸለዩልኝ። ከቃላቱ ስሜን ብቻ ነው የለየሁት። ሁለት ጊዜ ጠሩት።

ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። እጃቸውን ማንሣት አልቻልኩም።

ኦገስት 2

ኮች አስጠራኝ። እስከ ሴፕቴምበር እንድቆይ፣ ከዚያ በኋላ ክለቡ እንደማይፈልገኝ ነገረኝ። «በአንተ ተሳስቼ ነበር» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ነገር የጠበቀ መሰለኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ምግቡን እያማሰለች «የሰው ዓይን ነው» አለች።

የሰው ዓይን አይደለም እማዬ።

ኦገስት 12

ጨዋታ በሜዳችን። ተጫወትኩ፤ ታኬታዬን ሳስር አሰብኩት። ዘጠና ደቂቃ። ሁለት ኳስ ላይ ሄድኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰውየውን ሳልነካ ኳሷን አገኘሁ። እኩል ለእኩል ወጣን። ማንም አላስተዋለውም፣ መስተዋልም የለበትም።

ስወጣ ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ኢብሲቱን አየሁ። ከዉድበሪ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጡት፤ ሁለት የቸርች እህቶቻቸውን ይዘዋል። «የኛ ልጅ ነው» እያሉ ያሳዩኛል። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቴን ያዙኝ። ላብ በላብ ነኝ አልኳቸው፤ አለቀቁኝም።

«ቃልቤሳ ሰላም ብሎሃል» አሉኝ።

ዓይናቸውን አየሁ። እውነት ይሁን፣ እርቅ ፈልገው ከራሳቸው የጨመሩት ይሁን፣ ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ለመጠየቅም ድፍረት አላገኘሁም።

«ሰላም ይበሉልኝ» አልኳቸው።